በእጅ የተሠራ ቢላዋን አውቆ ማዘዝና ጠብቆ መያዝ፦ ዝርዝር መመሪያ

በእጅ ለተሠራ ቢላዋ ከሚከፈለው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የሚውለው ዓይን ለማያየው ሥራ ነው። የእጀታው እንጨት ቀለም፣ የብረቱ ንድፍና የጠርዙ ማብረቅረቅ በፎቶግራፍ ላይ ወዲያው ይታያሉ፤ ብረቱ በምን ያህል ሙቀት እንደ ጋለ፣ በምን ፍጥነት እንደ ቀዘቀዘና ወደ ስለቱ ሲጠጋ ምን ያህል እንደ ሳሳ ግን አይታይም። ቢላዋው ለዓመታት የሚያገለግል መሣሪያ ወይም መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ጌጥ የሚሆነው በእነዚህ በማይታዩት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው ስለሚጠየቁ ጥያቄዎችና ስለሚለኩ ነገሮች ነው።

አስቀድመን በስሞቹ እንስማማ። በዚህ ጽሑፍ «ገላ» የምለው የቢላዋውን የብረት አካል በሙሉ ሲሆን «ስለት» የምለው የሚቆርጠውን ጠርዝ ብቻ ነው፤ «ጀርባ» ከስለቱ ትይዩ ያለው ወፍራም ወገን፣ «ጭራ» ደግሞ ወደ እጀታው ገብቶ የሚቀረው የብረት ክፍል ነው።

1. ሥራውን መወሰን

ቢላዋ ሠሪ ዘንድ ከመድረስዎ በፊት ቢላዋው ምን እንደሚቆርጥ፣ በምን ላይ እንደሚቆርጥና ማን እንደሚይዘው በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ጥሩ ቢላዋ እፈልጋለሁ» የሚል ትዕዛዝ ለባለሙያው ምንም አይነግረውም፤ «በየቀኑ ብዙ አትክልት እከትፋለሁ፣ አጥንት አልነካም፣ ግራኝ ነኝ፣ ቢላዋን ወዲያው የማድረቅ ልማድ ግን የለኝም» የሚል ትዕዛዝ ግን የብረቱን ዓይነት፣ የገላውን ውፍረትና የእጀታውን ቅርጽ በአንድ ጊዜ ይጠቁመዋል። በተለይ የመጨረሻውን ሳያፍሩ መናገር ያስፈልጋል፤ ገዢው ያልሆነውን ሰው መስሎ ካዘዘ የሚደርሰው ቢላዋ ለዚያ ላልሆነው ሰው የተሠራ ይሆናል።

ለአብዛኛው የወጥ ቤት ሥራ ከ180 እስከ 240 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጀርባው በእጀታው አጠገብ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍርና ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ገላ ይበቃል። ለመስክ ሥራ ደግሞ ከ90 እስከ 130 ሚሊ ሜትር ርዝመትና ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ምቹ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ገዢዎች የማይጠይቁት አንድ ልኬት ነው፤ እርሱም ገላው ከስለቱ ወዲያው ከፍ ብሎ ያለው ውፍረት ነው። በወጥ ቤት ቢላዋ ይህ ልኬት ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ በመስክ ቢላዋ ወደ 0.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። እኔ መጀመሪያ ያዘዝሁት ቢላዋ ጀርባው 5 ሚሊ ሜትር የሆነና ሲይዙት ግርማ ያለው ነበር፤ ካሮት ላይ ሳሳርፈው ግን መቁረጡን ትቶ እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀው ነበር። ስለቱ ፀጉር ይላጫል፤ ከስለቱ በላይ ያለው ውፍረት ግን የሚቆረጠውን ነገር ገፍቶ ይከፍለዋል። የዚህ ጥፋት ባለቤት ሠሪው አልነበረም፤ ወፍራም እንዲሆን የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

2. ብረቱን መምረጥ

የቢላዋ ብረት የሚባለው ሁሉ አረብ ብረት ነው፤ ማለትም በብረት ውስጥ ጥቂት ካርቦን የገባበት ነው። ለገዢው የሚጠቅመው ክፍፍል አንድ ነው፤ የሚዝግና በቀላሉ የማይዝግ። ብረቱ ዝገትን እንዲቋቋም የሚያደርገው ክሮሚየም ሲሆን ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም የያዘ አረብ ብረት የማይዝግ ይባላል። ስሙ ግን ከእውነታው ይበልጣል፤ ጨው ወይም አሲድ ያለበት እርጥበት ላዩ ላይ ካደረ «የማይዝግ» የተባለውም ነጠብጣብ ያወጣል።

ከሚዝጉት ውስጥ በብዙ ሠሪዎች ዘንድ የሚገኙት 1095 እና 52100 የሚባሉት ናቸው። የመጀመሪያው 0.95 በመቶ ያህል ካርቦን ያለው ተራ ብረት ሲሆን፣ ሁለተኛው 1 በመቶ ያህል ካርቦንና 1.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም የያዘና መነሻው የማሽን ኩሽኔታ የሆነ ብረት ነው። ሁለቱም በጣም የተሳለ ስለት ይይዛሉ፤ ሲደንዙም በድንጋይ ላይ በፍጥነት ይመለሳሉ። ከማይዝጉት መካከል ለወጥ ቤት እኔ የማስቀድመው ለምላጭ ታስቦ የተሠራውንና 13 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለውን ኤኢቢ-ኤልን ነው። ማግናከት የተባለው አዲስ ብረትም እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በፍጥነት ተወዳጅ ሆኗል፤ ዝገትን መቋቋምንና አለመሰባበርን አንድ ላይ ስለያዘ ውዳሴው አላግባብ አይደለም። ዲ2 ብዙ ሰው የሚያሳስት ብረት ነው። 12 በመቶ ያህል ክሮሚየም ቢኖረውም ከክሮሚየሙ ብዙው ከካርቦን ጋር ተጣምሮ ጠጣር ቅንጣት ስለሚሆን ላዩን የሚጠብቅለት ያንሳል፤ ስለዚህ ይዝጋል።

ቢላዋን ተጠቅሞ ወዲያው የመጥረግ ልማድ ያለው ሰው የሚዝገውን ይግዛ፤ ሌላው ሁሉ የማይዝገውን ይዘዝ። የብረት ስም ከዚህ በላይ እንቅልፍ ሊነሳ አይገባም፤ ተራ ብረት በጥሩ ሙቀት ሥራ ውድ ብረትን በመጥፎ ሙቀት ሥራ ይበልጠዋልና።

3. ስለ ሙቀት ሥራው መጠየቅ

ቢላዋው ተቀጥቅጦ ይሠራ ወይም ከዝርግ ብረት ተቆርጦና ተሞርዶ፣ ሁለቱም መንገድ ጥሩ ቢላዋ ያወጣል። መዶሻ ብረቱን በተአምር አያጠነክረውም፤ ጥንካሬውን የሚሰጠው ቀጥሎ የሚመጣው ሙቀት ነው። ብረቱ መጀመሪያ ይግላል፤ ለ1095 ይህ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ለማይዝጉት ከ1000 ዲግሪ ያልፋል። ከዚያ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ 1095 ከዚያ ግለት ተነሥቶ ወደ 540 ዲግሪ የሚጠጋውን ክልል በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ማለፍ ስላለበት የሚነከርበት ዘይት ፈጣን መሆን ይኖርበታል። ከማቀዝቀዣው የወጣው ገላ እንደ መስታወት ጠጣርና ተሰባሪ ነው፤ ስለዚህ ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሁለት ሰዓት ያህል እንዲለዝብ ይደረጋል። የማይዝጉትን ብዙዎች በመካከሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ውስጥ ያሳልፉታል።

ገዢው ይህን ሁሉ መሥራት አይጠበቅበትም፤ ሦስት ነገር ግን ይጠይቅ። ብረቱ ምንድን ነው? ሙቀቱ የሚቆጣጠረው በሚለካ ምድጃ ነው ወይስ በዓይን ግምት? የመጨረሻው ጥንካሬ ስንት ነው? ጥንካሬ የሚለካው በሮክዌል ሲ መለኪያ ሲሆን፣ የአልማዝ ሾጣጣ በብረቱ ላይ ተጭኖ የገባበት ጥልቀት ወደ ቁጥር ይለወጣል። ከ56 እስከ 58 የሆነ ቢላዋ ቶሎ ይደንዛል፤ ነገር ግን ሲበደል ይታጠፋል እንጂ አይሸረፍም። ከ60 እስከ 63 የሆነው ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል፤ አጥንት ሲነካ ግን ይሸረፋል። ባለሙያው «በጣም ጠንካራ ነው» ብሎ ብቻ ካለፈ ጥያቄው አልተመለሰም።

እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የአሜሪካ የቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበር ለአባላቱ የሚሰጠው ፈተና ጠጣርነትና አለመሰበር እንዴት እንደሚመዛዘኑ በደንብ ያሳያል። ተፈታኙ የሠራው አንድ ቢላዋ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ተንጠልጣይ ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፤ የግንባታ እንጨት ሁለት ጊዜ ለሁለት ይቆርጣል፤ ከዚያ በኋላ ፀጉር መላጨት አለበት፤ በመጨረሻም በማሰሪያ ተይዞ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ መሰበር የለበትም። ለወጥ ቤት ቢላዋ ይህን ሁሉ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ሠሪው የራሱን ሥራ ሆን ብሎ ሰብሮ አይቶ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ሠሪ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ ይፈካል።

4. ስለ ዳማስቆ ንድፍ

ማዕበል የመሰለ ንድፍ ያለው ገላ ዛሬ የሚሠራው የተለያዩ ብረቶችን ደራርቦ በማጋልና በመቀጥቀጥ አንድ በማድረግ ነው፤ መጨረሻ ላይ አሲድ ሲነካው አንዱ ብረት ይጠቁራል፣ ኒኬል ያለበት ሌላው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሥራ በዘመናዊ ቢላዋ ሠሪዎች ዘንድ የተስፋፋው አሜሪካዊው ቢል ሞራን እ.ኤ.አ. በ1973 እንዲህ ያሉ ቢላዋዎችን ለሕዝብ ካሳየ ወዲህ ነው። ውበቱ እውነተኛ ነው፤ የመቁረጥ ኃይል ግን አይጨምርም። ንድፉ ላዩ ላይ ብቻ የተጻፈ የማስመሰል ሥራ እንዳይሆን ጀርባውን ይመልከቱ፤ እውነተኛው ንድፍ ከአንዱ ጎን ተነሥቶ በጀርባው ላይ አልፎ ወደ ሌላው ጎን ይቀጥላል። ሻጩ ብረቶቹን በስም ሊነግርዎ ካልቻለና ዋጋውም ለማመን የሚያስቸግር ያህል ዝቅ ያለ ከሆነ መተው ይሻላል።

5. እጀታው

እጀታው ላይ ስምምነት የሚያስፈልገው በመጠን ነው፤ የመዳፍዎን ስፋት በአራቱ ጣቶች ሥር ለክተው ለሠሪው ይንገሩ። ጥሬ እንጨት ከአየሩ ጋር ያብጣል፣ ይሟሽሻል፤ በአየር አልባ ዕቃ ውስጥ ሙጫ የጠጣ እንጨት ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሚካርታና ጂ10 የሚባሉት በሙጫ የተጠናከሩ ሰው ሠራሽ ቁሶች ውበታቸው ልከኛ ቢሆንም ውኃ አይበግራቸውም። የዝሆን ጥርስን በሚመለከት፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ሳይቴስ) ውሳኔ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በአገሮች መካከል የሚደረገውን ንግድ ስለከለከለ፣ እንዲህ ያለ እጀታ ያለው ቢላዋ በጉምሩክ ሊወረስ ይችላል፤ ሌሎች ብርቅ እንጨቶችና ቀንዶችም ፈቃድ የሚጠይቁበት ጊዜ አለ።

6. ማዘዝና መክፈል

ሠሪውን ለመምረጥ ከአዲስ ፎቶግራፎቹ ይልቅ ከዓመታት በፊት የሸጣቸው ቢላዋዎች ዛሬ እንዴት እንዳሉ ማወቅ ይጠቅማል፤ ከሚጠቀሙበት ሰዎች ሁለት ሦስቱን ያነጋግሩ። ከተስማሙ በኋላ ብረቱ፣ ጥንካሬው፣ ርዝመቱ፣ ውፍረቱ፣ የእጀታው ቁስ፣ አፎቱ፣ ዋጋው፣ የሚጠናቀቅበት ጊዜና ስሕተት ቢገኝ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ይስፈር። ተራ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ወራትም ዓመትም ሊሆን ይችላል። ቀብድ መክፈልም ተገቢ ነው፤ ሥራው ሳይጀመር ሙሉውን ገንዘብ መክፈል ግን፣ ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ፣ ሁለታችሁንም አጉል ቦታ ላይ ያስቀምጣል፤ ገንዘቡን የበላ ሥራ ለሠሪውም ሸክም ነውና። ቢላዋው ከቤት ውጭ የሚያዝ ከሆነ በሚኖሩበት ቦታ ስለ ርዝመትና ስለ አያያዝ ያለውን ሕግ ከማዘዝዎ በፊት ያጣሩ።

7. ሲደርስ መመርመር

ቢላዋውን ከጀርባው በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥረው ወደ ብርሃን ይዩት፤ ገላው ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ከዚያ ስለቱን ወደ መብራት አዙረው ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት፤ የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም፤ የሚያበራ ነጥብ ካለ እዚያ ቦታ ደንዝዟል ወይም ተሸርፏል። በእጀታውና በብረቱ መካከል ጥፍር የሚገባበት ክፍተት ካለ ውኃ ገብቶ ጭራውን ከውስጥ ያዝገዋልና ይህ ቢላዋውን ለመመለስ በቂ ምክንያት ነው። በጀርባው ላይ ትንሽ የመዶሻ ምልክት ወይም በሁለቱ ጎኖች መካከል የፀጉር ያህል ልዩነት ግን የእጅ ሥራ ጠባይ ነው።

8. የዕለት እንክብካቤ

ሥራው ካለቀ ወይም ለጥቂት ጊዜ ከተቋረጠ ቢላዋው ይጠረግ፤ በለብ ያለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ከጀርባው በኩል ይታጠብ፤ በጨርቅ ይድረቅ። ገንዳ ውስጥ ማሳደር ክልክል ነው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ደግሞ ሙቀቱ እጀታውን፣ ኬሚካሉ ብረቱን፣ መጋጨቱ ስለቱን ስለሚጎዳ በጭራሽ አይታሰብም። የመክተፊያው ሰሌዳ እንጨት ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ ይሁን፤ መስታወት፣ ድንጋይና ሸክላ ስለቱን በአንድ ቀን ያጠፉታል። የተከተፈውን ነገር ከሰሌዳው ላይ ለመሰብሰብ ስለቱን ሳይሆን ጀርባውን ይጠቀሙ። መጠምዘዝ፣ መፈልቀቅና በረዶ የሆነ ሥጋ መምታት የቢላዋ ሥራ አይደለም።

የሚዝግ ብረት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገላው ግራጫና ሰማያዊ እየሆነ ይሄዳል። ብዙ አዲስ ባለቤቶች በዚህ ይደነግጣሉ። ይህ ጥቁር ኦክሳይድ ብረቱን በመጠኑ የሚጠብቅ ሽፋን እንጂ ጉዳት አይደለም፤ ቀዩ ዝገት ግን ብረቱን ይበላል። ለመለየት ነጭ ጨርቅ ይሹበት፤ ጨርቁ ብርቱካንማ ከሆነ ዝገት ነው፤ ካልሆነ ይተዉት። ቀይ ዝገት የታየበትን ቦታ በሶዳ ዱቄትና በጥቂት ውኃ ወይም በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዘይት ቀብተው ይሹት፤ በዳማስቆ ገላ ላይ ግን ብርጭቆ ወረቀት ንድፉን ስለሚያጠፋ አይሞከርም።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ቢላዋ ለምግብ በሚሆን የማዕድን ዘይት በስሱ ይቀባል። የምግብ ዘይት እየቆየ ስለሚሻግትና ስለሚያጣብቅ አይመረጥም። አፎቱ ለመጓጓዣ እንጂ ለማስቀመጫ አይደለም፤ ቆዳ እርጥበትን ይስባል፣ በማልፋት ሥራ የቀሩ ጨውና አሲዶችም በውስጡ ይኖራሉ። ይህን ያወቅሁት አንድ ዝናባማ ወቅት ሙሉ በቆዳ አፎቱ ውስጥ የተውሁትን ቢላዋ አውጥቼ በአንዱ ጎኑ ላይ እንደ ፈንጣጣ የተበተነ ጉድጓድ ሳገኝ ነው፤ ዝገቱ ቢጸዳም ጉድጓዱ እስከ ዛሬ አለ።

9. መሳል

የእጅ ሥራ ቢላዋን በማንም ፈጣን መሳያ ማሽን አያስነኩ። የስለቱ ጫፍ እጅግ ስስ ስለሆነ ደረቅ የሚሽከረከር ድንጋይ በቅጽበት ከ200 ዲግሪ በላይ ያግለዋል፤ ያን ጊዜ ሠሪው በጥንቃቄ የሰጠው ጥንካሬ ይጠፋል። ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል፤ ያ ክፍል ተሞርዶ ካልተወገደ ስለት አይይዝም።

የሚያስፈልገው የውኃ ድንጋይ፣ ማለትም በውኃ ረጥቦ የሚሳልበት ድንጋይ ነው፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ድንጋዩ ይደቅቃል። 1000 ቁጥር ያለው ለመደበኛ መሳል፣ ከ3000 እስከ 6000 ያለው ለማለስለስ ይሆናል፤ 400 ቁጥር የሚያስፈልገው ለተሸረፈ ስለት ብቻ ነው። ድንጋዩ በማይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ። የወጥ ቤት ቢላዋ በየጎኑ 15 ዲግሪ፣ የመስክ ቢላዋ 20 ዲግሪ ያህል ይሳላል። ዲግሪን በዓይን መገመት ስለሚያስቸግር ጀርባውን ከድንጋዩ ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርጉ አስልተው ይያዙ፤ ለ15 ዲግሪ የገላውን ስፋት በ0.26፣ ለ20 ዲግሪ በ0.34 ያባዙ። ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢላዋ በ15 ዲግሪ ሲሳል ጀርባው ወደ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው፤ ይህን ከፍታ የሚያህል ነገር አጠገብዎ አስቀምጠው እያመሳከሩ ይሥሩ።

ከመጀመርዎ በፊት ስለቱን በቋሚ ቀለም እስክርቢቶ ያጥቁሩት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሳቡት በኋላ ቀለሙ የጠፋበት ቦታ ድንጋዩ የሚነካው የት እንደሆነ ያሳያል። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከጠፋ ጀርባውን በጥቂቱ ያንሡ፤ ጫፉ ላይ ብቻ ከጠፋ ዝቅ ያድርጉ። አንዱን ጎን ሲስሉ በሌላው ጎን፣ በስለቱ ርዝመት ሁሉ፣ አውራ ጣት ከጀርባ ወደ ስለት ሲሳብ የሚይዝ ስስ ሻካራ ጠርዝ መውጣት አለበት። ይህ ሻካራ ጠርዝ ሳይወጣ ጎን መቀየር የጀማሪዎች ሁሉ ስሕተት ነው፤ ሰዓት ሙሉ ስለው ቢላዋው ያልተሳለላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የጎደላቸው ይህ ብቻ ነው። በሁለቱም ጎን ከወጣ በኋላ ጫናውን እየቀነሱ ጎኑን በየጊዜው ይለዋውጡ፤ ወደ ደቃቁ ድንጋይ ይለፉና በመጨረሻ ስለቱን ወደ ኋላ እያደረጉ በቆዳ ላይ ይሹት። የተንጠለጠለ ወረቀት ስለቱን ሳይዝና ሳይቀደድ ከተቆረጠ በቂ ነው።

በመሳል መካከል ቆዳው ላይ ጥቂት ማሸት ለሳምንታት ያቆያል። ለጠንካራ ቢላዋ የብረት ዘንግ መሳያ አይስማማም፤ ሊሸርፈው ስለሚችል ለስላሳ የሸክላ ዘንግ ይሻላል።

ቢላዋው ለዓመታት ሲሳል ስለቱ ወደ ወፍራሙ የገላው ክፍል እየወጣ ስለሚሄድ፣ የተሳለ ቢሆንም መቁረጡ እየከበደ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ሙሉ ጎኑ መሳሳት አለበት። ይህን፣ እንዲሁም የተሰበረ ጫፍንና የላላ እጀታን፣ ለራሱ ለሠሪው መላክ ይሻላል፤ የብረቱን ሙቀት ሥራ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ብዙዎቹም የገዛ ሥራቸውን በትንሽ ክፍያ ወይም በነጻ ያድሳሉ። ሲልኩት ስለቱን በወፍራም ካርቶን ጠቅልለው በደንብ ይሰሩት፤ ምን ሲቆርጥ እንደ ቆየና የት ላይ እንደሚያስቸግር ጽፈው አብረው ያስቀምጡ።